የዲቫይስ ትሪ ኖዶችን ስም ማቃናት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

የመስክ መረጃ ሰብሳቢ ቦርዳችን ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን አሮጌ ከርነል (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ትቶ ወደ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ሊሻገር ነው። ቦርዱ የተሠራው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ ፕሮሰሰር ላይ ነው፤ ቢግልቦን ብላክ የተባለው ታዋቂ ቦርድም የዚሁ ቤተሰብ ፕሮሰሰር አለው። በቦርዳችን ላይ ሞደም፣ የሙቀት ዳሳሽ፣ የሰዓት ቺፕ፣ ጥቂት ኤልኢዲ መብራቶች፣ ቁልፎችና አነስተኛ ፍላሽ ሜሞሪ አሉ። ከርነሉ ተገንብቷል፤ ቦርዱም ይነሣል። የሚያስቸግረው የዲቫይስ ትሪ ኮምፓይለሩ ነው። ዲቲሲ ይባላል፤ ፋይላችንን ባየ ቁጥር ስለ ኖዶች ስም ያማርራል።

«ይሠራ የለ እንዴ፣ ምን አስቸኮለህ?» ያለኝ አልጠፋም። እኔ ግን ይህን ፋይል አላምነውም። ከአንዱ ቦርድ ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ ሲቆረጥና ሲቀጠል የኖረ ነው። ቦርዶቹ የተተከሉት ደግሞ ከአዲስ አበባ ርቀው ነው፤ ዝማኔ ተልኮላቸው አንዱ አልነሣ ቢል ያለው መፍትሔ መኪና አስነሥቶ መሄድ ብቻ ነው።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው፦ ዲቫይስ ትሪ ማለት ቦርዱ ላይ ምን እንዳለና የት እንዳለ ለከርነሉ የሚነግር ፋይል ነው፤ በውስጡ እያንዳንዱ ዕቃ የሚገለጽበት ክፍል ኖድ፣ በኖዱ ውስጥ ያለው መግለጫ ደግሞ ፕሮፐርቲ ይባላል። ሐሳቡ የመጣው ኦፕን ፈርምዌር ከተባለው ሥርዓት ሲሆን ደረጃው አይትሪፕልኢ 1275 ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቷል፤ የሰን ማሽኖችና የአፕል ፓወርፒሲ ኮምፒውተሮች ይጠቀሙበት ነበር። የአርም ዓለም በብዛት ወደዚህ የዞረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በከርነሉ ውስጥ በተከመረው የአርም ቦርዶች ኮድ ላይ ከተቆጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሃርድዌሩ ዝርዝር ከሲ ኮድ ወጥቶ በዲቫይስ ትሪ ይጻፋል።

የስሙ ሕግ አጭር ነው። ኖድ ስም አለው፤ አድራሻ ካለው ከስሙ ቀጥሎ የ@ ምልክትና አድራሻው ይጻፋል፦ ሲሪያል@48022000 እንደማለት። (በፋይሉ በላቲን ፊደል ያለውን ሁሉ እዚህ በፊደላችን አሰፍራለሁ።) ስሙ እስከ 31 ቁምፊ ይፈቀድለታል፣ በፊደል ይጀምራል። አድራሻው በኖዱ ውስጥ «ሬግ» በሚባለው ፕሮፐርቲ ከተጻፈው የመጀመሪያ አድራሻ ጋር መግጠም አለበት። ሬግ የሌለው ኖድ @ አይኖረውም፤ ሬግ ያለው ኖድ @ ሊኖረው ግድ ነው። ቤት የሌለው ሰው መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥር ቢያጽፍ ምን ይባላል? የእኛ ፋይል እንደዚህ ባሉ መታወቂያዎች የተሞላ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ

መጀመሪያ ጩኸቱን ጨመርኩት። የሊኑክስ ከርነል በተለመደው ግንባታው ከእነዚህ ምርመራዎች በርከት ያሉትን ያጠፋቸዋል፤ ነባር ፋይሎች በጣም ብዙ ስለሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያማርር ማንም አይሰማም። «ደብሊው=1» ተብሎ ሲገነባ ግን የታፈኑት ይመለሳሉ። ስክሪኑ ሞላ።

በተቃራኒው መንገድ መሄድም ይቻል ነበር፤ ለዲቲሲ ይህን አታሳየኝ የሚል አማራጭ መስጠት አንድ መስመር ነው። አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። በኖርዲክ ኤንአርኤፍ52 ቺፕ አንዱ የኤስፒአይና አንዱ የአይቱሲ መቆጣጠሪያ (ሁለቱም ቺፖችን የሚያገናኙ መስመሮች፣ ማለትም ባሶች ናቸው) በአንድ አድራሻ 40003000 ላይ ይጋራሉ፤ ሃርድዌሩ ራሱ እንደዚያ ስለሆነ ዜፈር የተባለው የአነስተኛ ቺፖች ሥርዓተ ክወና ፕሮጀክት «ሁለት ኖዶች አንድ አድራሻ ይዘዋል» የሚለውን ቅሬታ ሆን ብሎ ያጠፋዋል። የእኛ ቦርድ እንዲህ ያለ ሰበብ የለውም።

ምንም ሳልነካ አንድ ነገር አስቀመጥኩ፦ ዛሬ ባለበት ሁኔታ የተገነባውን የዲቫይስ ትሪ ሁለትዮሽ ፋይል። ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ጋር «ዲቲኤክስ_ዲፍ» የሚባል ስክሪፕት ይመጣል፤ ሁለት ዲቫይስ ትሪዎችን ወደ ጽሑፍ መልሶ፣ በቅደም ተከተል ደርድሮ ልዩነታቸውን ያሳያል። ከዚህ በኋላ የማደርገው እያንዳንዱ ለውጥ በዚህ ወንፊት ያልፋል። ስም ስቀይር ስም ብቻ መቀየሩን ዓይኔ ማየት አለበት።

ማክሰኞ

ከቀላሉ ጀመርኩ፣ ከመብራቶቹ። በፋይሉ ያሉት ስሞች ስታተስ@0 እና ሞደም@1 ናቸው። 0 እና 1 ግን የምንም ነገር አድራሻ አይደሉም። ኤልኢዲዎቹ ከጂፒአይኦ እግሮች (በሶፍትዌር ከሚበሩና ከሚጠፉ የፕሮሰሰሩ እግሮች) ጋር የተያያዙ ናቸው እንጂ ባስ ላይ አልተቀመጡም። የጻፈው ሰው ቁጥር መስጠት ፈልጎ @ን ተጠቀመ። የዲቲሲ ቅሬታም ይኸው ነው፤ ስሙ አድራሻ አለው፣ ሬግ ግን የለም።

ሰነፉ መፍትሔ በየኖዱ ውስጥ ሬግ ብሎ 0 እና 1 መጻፍ ነው። ማስጠንቀቂያው ጸጥ ይላል፤ ውሸቱ ግን አንድ መስመር ይረዝማል። ትክክለኛው ኤልኢዲ-0 እና ኤልኢዲ-1 ማለት ነው። ሰረዝና ቁጥር ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለኤልኢዲ ኖድ «ሌብል» የሚል ፕሮፐርቲ ወይም የተግባርና የቀለም መግለጫ ካልተሰጠው ከርነሉ የመብራቱን ስም የሚወስደው ከኖዱ ስም ነው፣ ከ@ በኋላ ያለውን ቆርጦ። እስከ ዛሬ መብራቱ በሲስተሙ «ስታተስ» ተብሎ ይታይ ነበር። ኖዱን ኤልኢዲ-0 ካልኩት መብራቱም ኤልኢዲ-0 ይሆናል። በመስክ ያለው ስክሪፕት ደግሞ ስታተስ የሚለውን ፎልደር ነው የሚከፍተው። ቦርዱ ይነሣል፣ መረጃ ይልካል፣ አረንጓዴዋ መብራት ግን አትበራም፤ ጣቢያው ላይ ያለው ጠባቂም «ማሽኑ ሞቷል» ብሎ ይደውላል። ስለዚህ ሁለቱም ኖዶች ላይ የቀድሞ ስማቸውን በሌብል ጻፍኩላቸው። አዲሱ ልማድ ቀለምና ተግባርን ለየብቻ መጻፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እሱን ብከተል መብራቱ «ግሪን፡ስታተስ» ሆኖ ይወጣና ያው ስክሪፕቱ ይሰበራል። የተተከለ ቦርድ ላይ ወግ አጥባቂ መሆን ይሻላል።

ቁልፎቹም እንደዚሁ ናቸው፣ ነገር ግን የእነሱን ኖድ ስም ከውጭ የሚያነብ የለም። በተን@1 የነበረው በተን-ሪሴት ሆነ። በወላጅ ኖዱ ላይ አድሬስ-ሴልስ እና ሳይዝ-ሴልስ የሚሉ መስመሮች ያለ ሥራ ተቀምጠው ነበር፤ ሬግ ያለው ልጅ ከሌለ እነሱም አያስፈልጉም፣ ዲቲሲም ለብቻው ያማርርባቸዋል። ተሰረዙ።

ማክሰኞ ማታ

የፍላሽ ክፍልፋዮች። አንዱ ፓርቲሽን@ ብሎ አድራሻውን በዜሮ-ኤክስ ይጀምራል፣ ሌላው በመሪ ዜሮ ይጀምራል። ዲቲሲ ሁለቱንም አይወድም፤ ከ@ በኋላ ያለው ሁልጊዜ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚጻፍ ቁጥር) ስለሆነ ዜሮ-ኤክስ የሚለውን ቅድመ ምልክት አይፈልግም፣ መሪ ዜሮም አይፈቀድም። ሁለቱም ተስተካከሉ። ክፍልፋዮቹ በሲስተሙ የሚታዩበት ስም ከሌብል ስለሚመጣ ማንም አይጎዳም።

ያስገረመኝ ግን ያልተጮኸበት ነው። አንዱ ክፍልፋይ ፓርቲሽን@131072 ይባላል። 131072 የ128 ኪሎባይት ዴሲማል አጻጻፍ ነው፤ በሄክሳዴሲማል 20000 መሆን ነበረበት፣ ሬጉም እንደዚያው ነው የሚለው። ዲቲሲ ዝም አለ። ምክንያቱን ለማወቅ የምርመራዎቹን ምንጭ ኮድ ከፈትኩ። «ስም አድራሻ አለው ወይ፣ ሬግ አለው ወይ» የሚለው ምርመራ የሚያየው መኖር አለመኖርን ብቻ ነው። አድራሻውን ከሬጉ ጋር የሚያስተያዩት ምርመራዎች ለተወሰኑ ባሶች የተጻፉ ናቸው፣ ለሲምፕል-ባስ፣ ለአይቱሲ፣ ለኤስፒአይ፣ ለፒሲአይና ለመሳሰሉት። የፍላሽ ክፍልፋይ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ባስ ላይ ያልተቀመጠ ማንኛውንም @ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ኮምፓይለሩ ዝም አለ ብዬ አላልፍም።

ረቡዕ

ዛሬ የአይቱሲ ባሱ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ፣ ቃላቸው አንድ ነው፦ የአድራሻው አጻጻፍ ስህተት ነው፣ እንዲህ ይሁን። ለሰዓት ቺፑ 51 ይሁን ይላል፣ ለሙቀት ዳሳሹ 30 ይሁን ይላል።

ሰዓቱ ዲኤስ1307@68 ተብሏል። ውስጡን ስመለከት ግን የቺፑ ዓይነት ፒሲኤፍ8563 ነው፣ ሬጉም 51። ታሪኩ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የቦርዱ እትም ዲኤስ1307 ነበረው፤ እሱ በ68 ላይ ነው የሚመልሰው። በኋላ ቺፑ ተቀየረ፣ ሬጉና ዓይነቱ ተስተካከሉ፣ ስሙ ተረሳ። ሰዓቱ ይሠራል፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ የሚያየው ሬጉን ነው። አርቲሲ@51 ብዬ አለፍኩ። የቺፑን ሞዴል በኖድ ስም ውስጥ ማስገባት ራሱ መጥፎ ልማድ ነው፤ የዲቫይስ ትሪ ዝርዝር መግለጫው የሚመክረው ወል ስም ነው፤ አርቲሲ፣ ኢተርኔት፣ ሲሪያል የመሳሰሉትን። ሞዴሉ የሚጻፍበት ሌላ ፕሮፐርቲ አለ፣ ኮምፓቲብል የሚባለው።

የሙቀት ዳሳሹ ግን ሌላ ነው። ስሙ ቲኤምፒ102@48። ዲቲሲ ደግሞ 30 ይሁን ይላል። የሰዓቱን እንዳስተካከልኩት ይህንንም ቲኤምፒ102@30 ብዬ ብጽፈው ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጠፋ ነበር። ኮምፓይለሩ የሚያምነው ሬጉን ነውና። ነገር ግን 30 ላይ የሚቀመጥ ቲኤምፒ102 የለም፤ እግሩ ወደ መሬት ሲታሰር 48 ነው፣ ከዚያ ሲቀየር ወደ 49፣ 50ዎቹ ሳይደርስ ያበቃል። ሬጉን አየሁት። 48 ይላል፣ ያለ ዜሮ-ኤክስ። ያለ ቅድመ ምልክት የተጻፈ ቁጥር በዲቫይስ ትሪ ዴሲማል ነው። ዴሲማል 48 ደግሞ በሄክሳዴሲማል 30 ነው።

ስሙ ትክክል፣ ሬጉ ስህተት። ከሰዓቱ ጋር አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ፣ ጥፋተኛው ግን በተቃራኒው።

ታዲያ የሙቀት መረጃ እንዴት ይመጣ ነበር? በቦርዱ ላይ ገብቼ ባሱን ቃኘሁ። አይቱሲ-ዲቴክት የሚያወጣው ሰንጠረዥ ላይ በ51 ቦታ ሁለት የ«ዩ» ፊደል ይታያል፤ ይህ ማለት አድራሻውን አንድ ድራይቨር ይዞታል። በ48 ቦታ 48 የሚል ቁጥር ብቻ አለ፤ ቺፕ አለ፣ ድራይቨር የለውም። 30 ባዶ ነው። የከርነሉ መዝገብ ውስጥ የቲኤምፒ102 ድራይቨር ሲነሣ የውቅር ሬጅስተሩን ማንበብ አቅቶት በስህተት ቁጥር 121 መውደቁ ተጽፏል፤ የሚያናግረው አካል አልመለሰለትም ማለት ነው። ማንም ያንን መስመር አላነበበም። ምክንያቱም የተጠቃሚው ስክሪፕት ድራይቨሩን ትቶ በአይቱሲ-ጌት ትእዛዝ በቀጥታ 48ን እየጠየቀ፣ ባይቶቹን እያገላበጠ፣ ራሱ እያሰላ ኖሯል። አንድ ሰው ድራይቨሩ «አይሠራም» ብሎ ዙሪያውን ሄዶበታል። ዙሪያውን ለመሄድ የጻፈው ስክሪፕት ርዝመት ሲታይ ዜሮና ኤክስ መጨመር ሳይቀልለት አይቀርም ነበር።

ሬጉን አቃናሁት፣ ስሙንም ቴምፕረቸር-ሴንሰር@48 አልኩት። ድራይቨሩ ተነሣ። ከርነሉ የዳሳሾችን ንባብ የሚያወጣበት የኤችደብሊውሞን ፋይል 24312 አለ፤ በሺሕ የተባዛ ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወዲያው ደግሞ አሮጌው ስክሪፕት ሞተ፤ አድራሻውን ድራይቨሩ ስለያዘው አይቱሲ-ጌት «ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ብቻ ይሰጣል። በጉልበት አንብብ የሚል አማራጭ አለው፣ ግን ድራይቨሩ በሚያናግረው ቺፕ ላይ ከጎን ገብቶ ማናገር አይገባም። ስክሪፕቱን ቀየርኩት፦ ከኤችደብሊውሞን ፎልደሮች ውስጥ ስሙ ቲኤምፒ102 የሆነውን ፈልጎ ከዚያ ያነባል። ፎልደሩን በቁጥሩ መጥራት አያስተማምንም፣ ቁጥሩ በአነሣሥ ቅደም ተከተል ይቀያየራል። ይህ ስክሪፕትና አዲሱ ዲቫይስ ትሪ በአንድ ዝማኔ አብረው መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከደረሰ መረጃው ይቋረጣል። በዝማኔው ዝርዝር ላይ በቀይ አሰመርኩበት።

ሐሙስ

ሞደሙ አይመልስም።

በአሮጌው ፋይላችን የሞደሙ ሲሪያል መስመር ዩአርት@48022000 ነበር። የቦርዱ ፋይል ይህን ኖድ የሚያነቃው ሙሉ መንገዱን ከሥር ጀምሮ በመጻፍ ነው፤ ከሥሩ ኦሲፒ፣ በኦሲፒ ውስጥ ዩአርት@48022000፣ በውስጡ «ሁኔታ፦ ኦኬ»። በአዲሱ ከርነል ግን የፕሮሰሰሩ ፋይል ተዋቅሮ ተለውጧል። ያው መቆጣጠሪያ አሁን የሚገኘው ታርጌት-ሞጁል@22000 በሚባል ኖድ ውስጥ ሲሪያል@0 ተብሎ ነው፤ አድራሻው ከወላጆቹ ጋር ሲደመር ያው 48022000 ይሆናል።

ዲቲሲ በመንገድ የተጻፈ ኖድ ካላገኘ አይቆጣም። አዲስ ይፈጥራል። ስለዚህ ኦሲፒ ውስጥ «ሁኔታ፦ ኦኬ» ከሚል መስመር በቀር ምንም የሌለው፣ ዓይነት የሌለው፣ ሬግ የሌለው ወላጅ አልባ ኖድ ተፈጠረ። እውነተኛው ሲሪያል ደግሞ እንደጠፋ ቀረ። በተለመደው ግንባታ ስለዚህ አንድም ቃል አይወጣም። በደብሊው=1 ግን «ዩአርት@48022000 አድራሻ አለው፣ ሬግ የለውም» የሚል መስመር አለ፤ ሰኞ ከሰዓት ካየኋቸው መካከል ነበረ፣ ከመብራቶቹ ጋር አንድ መልክ ስለነበረው አልተለየኝም። ላዩን ስለ አጻጻፍ የሚያወራ ማስጠንቀቂያ የሞደሙን መጥፋት ነው የነገረኝ።

መፍትሔው በመንገድ መጥራትን ጨርሶ መተው ነው። የፕሮሰሰሩ ፋይል ለዚህ ኖድ «ዩአርት1» የሚል ሌብል ሰጥቶታል (ይህ ሌብል ከኖዱ ስም ፊት የሚጻፍ መጠሪያ ነው እንጂ የመብራቶቹ ዓይነት ፕሮፐርቲ አይደለም)፤ በሌብሉ ከጠራሁት ኖዱ የትም ቢዛወር፣ ምንም ቢባል ያገኘዋል። ሌብሉ ከሌለ ደግሞ ዲቲሲ ግንባታውን አቁሞ ይናገራል፣ በዝምታ አዲስ አይፈጥርም። መላ ፋይሉን በዚህ መልክ አዞርኩት። ለኖዶች አጭር ስም የሚሰጠው የኤሊያስ ክፍልም በጽሑፍ የተጻፈ መንገድ ይዞ ስለነበር በሌብል ተካሁት፤ የኮንሶሉ መስመርም ከመንገድ ይልቅ በኤሊያሱ ስም «ሲሪያል0» ብሎ ይጠራል፣ ከፍጥነቱ 115200 ጋር።

የቀረው ለዕቃዎች የፋይል ስም የሚሰጠው የዩዴቭ ፕሮግራም ሕግ ነበር። ከርነሉ የፕላትፎርም ዕቃዎችን የሚሰይመው ከአድራሻውና ከኖዱ ስም ነው፤ ስለዚህ የድሮው «48022000.ዩአርት» አሁን «48022000.ሲሪያል» ሆኗል። ለሞደሙ ቋሚ ስም የሚሰጠው ሕግ የድሮውን ይፈልግ ነበር። ተስተካክሏል። በነገራችን ላይ «ዩአርት» የሚለውን ስም ዲቲሲ ራሱ አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው በያምል የተጻፉትን ስኪማዎች (የኖዶችን አጻጻፍ ደንቦች) ይዞ የሚመረምረው «ዲቲቢኤስ_ቼክ» ነው። እሱ ቀርፋፋ ነው፣ ብዙም ያወራል፣ ግን ዲቲሲ የማያውቀውን ያውቃል። ሻይ ለመጠጣት ስነሣ አስጀምሬው እወጣለሁ።

ሐሙስ አመሻሽ

ሜሞሪ። ኖዱ «ሜሞሪ» ብቻ ይባላል፣ ሬግ ግን አለው። ሜሞሪ@80000000 መሆን አለበት፤ የዚህ ፕሮሰሰር ዲዲአር እዚያ ነው የሚጀምረው። ለውጡ አንድ ቃል ነው፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የፈራሁት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ከርነሉን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ዩ-ቡትም ይህንን ኖድ ይነካል። ቦርዱን ሲያስነሣ ትክክለኛውን የሜሞሪ መጠን ለክቶ እዚህ ኖድ ላይ ይጽፈዋል፤ የሚፈልገውም «ሜሞሪ» በሚል ስም ነው።

በራሱ ችግር የለውም። ሊብኤፍዲቲ የተባለው ላይብረሪ ያለ @ ሲፈለግ @ ያለውንም ይቀበላል፤ ሜሞሪ ሲባል ሜሞሪ@80000000ን ያገኛል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ከአሮጌው ከርነል ገልብጠን ያቆየነው «ስኬለተን» የሚባል ፋይል አለ፤ በከርነሉ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ነው። እሱ ባዶ የሜሞሪ ኖድ ይዞ ይመጣል፣ ያለ አድራሻ፣ ሬጉ ዜሮ የሆነ። የእኛ ኖድ «ሜሞሪ» እስከተባለ ድረስ ሁለቱ ይዋሐዱ ነበር። ስሙን ስቀይር ተለያዩ፤ ዲቲኤክስ_ዲፍ ሁለት የሜሞሪ ኖዶች አሳየኝ። ዩ-ቡት መጀመሪያ ያገኘውን ባዶውን ይሞላል። የእኛው ደግሞ በፋይሉ የተጻፈውን 512 ሜጋባይት ይዞ ይቀራል። ከርነሉ ሁለቱንም ያምናል። በ512ቱ ቦርድ ላይ ማንም አያስተውልም። ባለ 256 ሜጋባይት ቦርዶች ግን አሉን፤ እነሱ የሌላቸውን ሜሞሪ እንዳላቸው ተነግሯቸው ይነሣሉ።

ስኬለተኑን ማካተት ተውኩ። አንድ የሜሞሪ ኖድ ብቻ ቀረ። በሁለቱም ዓይነት ቦርድ ላይ አስነሥቼ የሜሞሪ መጠኑን አየሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል።

ዓርብ

የኃይል ተቆጣጣሪዎቹን አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ነበር የሰጠሁት። «ሬጉሌተርስ» በሚባል የይስሙላ ባስ ውስጥ ሬጉሌተር@0 እና ሬጉሌተር@1 ተብለው፣ የይስሙላ ሬግ ይዘው የተቀመጡ ናቸው። ዲቲሲ አይከሳቸውም፣ የተጻፈው እርስ በርሱ ይገጥማልና። ግን በቦርዱ ላይ እንዲህ ያለ ባስ የለም፤ ሁለት ተራ የቮልቴጅ ቺፖች ናቸው። ከባሱ አውጥተን ሥሩ ላይ እናስቀምጣቸው ተባባልን።

ረፋዱ ላይ መጣ። «ጋሼ፣ ጨርሻለሁ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ የለውም።»

«ጥሩ፤ ዲፉን አሳየኝ።»

ዲፉ ላይ ሁለት ኖዶች ጠፍተው አንድ ተወልዷል። ሁለቱንም «ሬጉሌተር» ብሏቸዋል፤ የሜሞሪ ካርዱን 3.3 ቮልት የሚሰጠው በጋራ ፋይላችን፣ የሞደሙን 3.8 ቮልት የሚሰጠው በቦርዱ ፋይል። በአንድ ቅንፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢጻፉ ኖሮ ዲቲሲ ስህተት ብሎ ያቆም ነበር። በተለያዩ ፋይሎች ሲሆኑ ግን የኋለኛው የፊተኛውን እንደሚያስተካክል ቆጥሮ ያዋሕዳቸዋል፤ መላው የመደራረብ አሠራር የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ጥፋት አይለውም። ሁለቱም ሌብሎች በአንዱ ኖድ ላይ ተለጠፉ። ካርዱ የራሱን 3.3 ፈልጎ ቢሄድ የሚያገኘው የሞደሙን 3.8 ነው።

ልጁ ዲፉን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «ታዲያ ለምን አልጮኸም?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ወንበር ስቤ የማክሰኞ ማታውን ፓርቲሽን@131072 አሳየሁት፣ ከዚያም የመዋሐዱን ሕግ በትንሽ ፋይል ላይ አብረን ሞከርነው። እሱ ራሱ ሬጉሌተር-3ቪ3 እና ሬጉሌተር-ሞደም ብሎ ለያቸው። አሁን በዲፉ ላይ ሁለቱም አሉ፣ ቮልቴጃቸውም በየቦታው ነው።

ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን

ለውጦቹን በሁለት ከፈልኳቸው። በአንድ ወገን ስም ብቻ የቀየሩት፣ በሌላ ወገን የሃርድዌሩን መግለጫ የቀየሩት፣ ማለትም የዳሳሹ ሬግ፣ ሜሞሪው፣ የሞደሙ ሲሪያልና የኃይል ተቆጣጣሪዎቹ። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ቦርድ ቢያስቸግር የትኛውን ቀድሜ እንደምመልስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በደብሊው=2 የሚመጡ አሉ፤ በኖድ ስም ውስጥ የታች ሰረዝ አትጠቀሙ፣ ተራ ሰረዝ ይሁን የሚሉ። ሁሉንም አልነካሁም። ማንም የማያነባቸውን ቀየርኩ፤ ስማቸው በሲስተሙ ላይ ወጥቶ ስክሪፕት የሚያነባቸውን ተውኳቸው፣ ምክንያቱንም በአጠገባቸው ጻፍኩ። የታች ሰረዝ በዝርዝር መግለጫው የተፈቀደ ቁምፊ ነው፤ ለውበት ብዬ የተተከለ ቦርድ አልሰብርም።

በመጨረሻ የግንባታ ፋይሉን ነካሁ። ዲቲሲ አንድን ምርመራ ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ከፍ የሚያደርግ አማራጭ አለው፣ በትልቁ «ኢ» ፊደል የሚሰጥ። የአይቱሲና የኤስፒአይ አድራሻ መግጠምን፣ የአድራሻ አጻጻፍንና የስምና የሬግ አብሮ መገኘትን የሚመለከቱትን ከፍ አደረግኳቸው። ለመፈተን የዳሳሹን ሬግ ወደ ዴሲማል 48 መለስኩት፤ ግንባታው 30 ይሁን ብሎ ቆመ። ዜሮ-ኤክሱን መልሼ አስገባሁ፣ ገነባሁ፣ ምስሉን ባለ 256 ሜጋባይቱ የሙከራ ቦርድ ላይ ጫንኩት። ሰኞ እስክንመለስ ድረስ መረጃ እየላከ ይቆያል።